ውስጥ እግር ያልገባበት ፎቶግራፍ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ አበሻ የለም። የሚቸግረው ቅጠሉን ማግኘት አይደለም፤ መቃጠል መጀመሩን ማወቅ ነው። ጣሪያው ከተያያዘ በኋላማ መንደሩ ሁሉ ያያል። የመጀመሪያዋን ፍንጣሪ የሚያያት ግን ያ ቤት ትናንት ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ነው።

ዛሬ ስለ አንድ የቆዳ ካንሰር ላወጋችሁ ነው። ርእሱን ለወዳጆቼ ሳነሳ፣ «እሱ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ያሉኝ አልጠፉም። ግማሽ እውነት አላቸው። ሜላኖማ የሚባለው ይህ ካንሰር ለቆዳችን ቀለሙን ከሚሰጡት ሕዋሳት ይነሳል፤ አሜሪካ ውስጥ ነጮችን የሚይዘው ጥቁሮችን ከሚይዘው ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ወደ ቀረው ግማሽ እውነት በኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ታሪኩን ላንሳ፤ ምክንያቱም ይህን በሽታ በጊዜ ለመያዝ ሰው ካመጣቸው ዘዴዎች አንዱ መላ ሰውነትን ፎቶግራፍ አንስቶ ማስቀመጥ ነው። የዚህ ዘዴ ታሪክ ደግሞ ማን የማንን ገላ፣ ለማን ጥቅም ሲያይ እንደኖረ ይነግረናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1787 ለንደን ውስጥ ጆን ሐንተር የተባለ ስመ ጥር የቀዶ ጥገና ሐኪም ከአንድ የ35 ዓመት ሰው መንጋጋ አካባቢ የበቀለ እብጠት ቆርጦ አወጣ። ምንነቱን አላወቀም፤ ቢሆንም አልጣለውም፤ በብልቃጥ ዘፍዝፎ አስቀመጠው። በ1968፣ ከ181 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ያ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታየና ሜላኖማ መሆኑ ተረጋገጠ። በ1804 የ23 ዓመቱ ፈረንሳዊ ላኔክ፣ በኋላ የሐኪም ማዳመጫን የፈለሰፈው ሰው፣ ይህን ጥቁር እብጠት ራሱን የቻለ በሽታ ነው ብሎ ፓሪስ ላይ አስረዳ። በ1820 ዊልያም ኖሪስ የተባለ የእንግሊዝ ገጠር ሐኪም ደግሞ አባትም ልጅም በዚሁ በሽታ የሞቱበትን አንድ ቤተሰብ ታሪክ ጻፈ። ኖሪስ ሌላም ነገር አስተዋለ፤ በእነዚህ ሰዎች ገላ ላይ ጥቁር ምልክቶች ይበዙ ነበር።

እነዚህ ምልክቶች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ሕፃን በገላው ላይ ጥቁር ምልክት ይዞ ሲወለድ «ማርያም ስማው ነው» እንላለን። አብዛኞቹም እውነትም እንደ መሳም ናቸው፤ ማንንም ሳይጎዱ ከሰው ጋር ኖረው ከሰው ጋር ይቀበራሉ። ችግሩ ከመቶዎቹ መካከል የትኛው እንደሚከዳ አለመታወቁ ነው። በ1840 ሳሙኤል ኩፐር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መድኃኒት እንደሌለውና ብቸኛው ተስፋ በጊዜ ቆርጦ ማውጣት እንደሆነ ጻፈ። ምክሩ ትክክል ነበር። «በጊዜ» ማለት መቼ እንደሆነ የሚነግር ግን በዚያ ዘመን አልነበረም።

ፎቶግራፍ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። በ1839 የዳጌር ፈጠራ ፓሪስ ላይ ይፋ ከሆነ በኋላ የቆዳ ሐኪሞች ጉዳዩን የራሳቸው አደረጉት፤ ሥራቸው ማየት ነውና። በ1868 አርዲና ሞንሜጃ የተባሉ ሐኪሞች ፓሪስ ከሚገኘው ከቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል የቆዳ በሽታዎችን የፎቶግራፍ መድበል አሳተሙ። ቀለም አልበቃ ስላላቸውም፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከተቦካ ወረቀት የፍራፍሬ ምስል እየሠራ ይሸጥ የነበረውን ባሬታን ቀጥረው የበሽተኞችን ቆዳ በሰም ያስቀርጹ ነበር። ዛሬ በዚያ ሆስፒታል ሙዚየም ከ4,500 በላይ የሰም ቅርጾች አሉ። ታዲያ ፎቶግራፉም ሰሙም የሚያሳየው በሽታው ከደረሰ፣ ከበሰለ በኋላ ያለውን ነው። ተማሪው «ይህ በሽታ ይህን ይመስላል» ብሎ ይማርበታል። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ከሥዕሉ የሚያተርፈው የለም።

ካሜራው በዚያው ክፍለ ዘመን ሌላ ሥራም ነበረው። በ1850 ሳውዝ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ ከተማ ውስጥ ጆሴፍ ዚሊ የተባለ ፎቶ አንሺ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ልብሳቸውን አስወልቆ ፎቶግራፍ አነሳቸው። ያዘዘው የሃርቫርዱ ሊቅ ሉዊ አጋሲ ነበር፤ ፍላጎቱም ጥቁርና ነጭ ከአንድ ምንጭ አልተገኙም የሚለውን እምነቱን ለመደገፍ ነው። ሬንቲ የተባለው ሽማግሌና ልጁ ዴሊያ ከነዚህ መካከል ናቸው። በ1869 ደግሞ ላምፕሪ የተባለ እንግሊዛዊ በክር የተሸመነ ባለ ሁለት ኢንች አራት ማዕዘን መረብ አዘጋጅቶ፣ የየአገሩን ሰው ራቁቱን ከፊቱ እያቆመ መለካት እንደሚቻል አሳተመ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ወደ ጎን ዙር፣ ጀርባህን ስጥ! ይህ አቋም ዛሬ በቆዳ ክሊኒክ ከሚታዘዘው አቋም ብዙም አይለይም። የጥቁር ገላ እንግዲህ ከካሜራ ፊት የቆመው ቀደም ብሎ ነው፤ ግን ለራሱ ጤና አልነበረም። የሬንቲና የዴሊያ ምስሎች በ1976 በሃርቫርድ ፒቦዲ ሙዚየም ጣሪያ ሥር ካለ ዕቃ ቤት ተገኙ። የሬንቲ ዘር ነኝ ያለች ሴት ለዓመታት ከተሟገተች በኋላም፣ ዩኒቨርሲቲው በ2025 ቻርልስተን ለሚገኝ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ለማስረከብ ተስማማ።

የፓሪሱ ፖሊስ አልፎንስ በርቲዮንም አለ። በ1880ዎቹ ወንጀለኛን ለመለየት ቁመትና ክንድ እየለካ፣ የፊትና የጎን ፎቶግራፍ እያስነሳ፣ በገላው ላይ ያሉ ጠባሳዎችና ጥቁር ምልክቶች የት የት እንዳሉ በመዝገብ ያሰፍር ነበር። በርቲዮን ምልክቱን የፈለገው አይለወጥም ብሎ ነው። ሐኪሙ ግን ምልክቱን የሚያሳድደው ከተለወጠ ነው። በፖሊስና በሐኪም መካከል ያለችው ይህች ልዩነት እስክትገለጥ ድረስ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

የገለጠችው ፀሐይ ናት ማለት ይቻላል። በ1956 ላንካስተር የተባለ አውስትራሊያዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ፣ ከአውሮፓ የፈለሱ ነጮች ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ ቁጥር በሜላኖማ የሚሞቱት እንደሚበዙ አሳየ። ለደመና አገር የተፈጠረ ቆዳ በኩዊንስላንድ ፀሐይ ይቀጣ ነበር። በ1963 እዚያው ኩዊንስላንድ ውስጥ ሕዝቡንም ሐኪሙንም ያነቃ ትልቅ የሜላኖማ ጥናት ተጀመረ። በ1981 ደግሞ ሸሚዝ ልበሱ፣ ክሬም ተቀቡ፣ ባርኔጣ ድፉ የሚል የባሕር ወፍ በቴሌቪዥን መዝፈን ያዘ፤ የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬም ዜማውን አይረሱትም።

በዚህ መካከል «በጊዜ» የምትለዋ ቃል ልክ ተገኘላት። በ1969 ዋላስ ክላርክ ካንሰሩ ወደየትኛው የቆዳ ሽፋን እንደወረደ መደበ፤ በ1970 ደግሞ አሌክሳንደር ብሬስሎ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር መለካት ብቻውን ብዙ እንደሚናገር አሳየ። ከ0.76 ሚሊ ሜትር በታች ሳለ የተወገደ ሜላኖማ አይመለስም ማለት ይቻል ነበር። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከወረደ ግን ወደ ንፍፊትና ወደ ሳንባ መንገዱን ያገኛል። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ርቀት ከአንድ የጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሕክምናው ከ2011 ወዲህ ብዙ የተራመደ ቢሆንም፣ ይህ እውነት እስከ ዛሬ አልተሻረም።

በ1978 ክላርክና ባልደረቦቹ ሌላ ችግር ገለጡ። ገላቸው በብዙ እንግዳ ምልክቶች የተሞላ፣ ከትውልድ ትውልድ ሜላኖማ የሚወርድባቸው ቤተሰቦች አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? መቶ ምልክት አለው፤ መቶውን ብትቆርጥ ሰውዬው ጠባሳ ብቻ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ይህም ከንቱ ድካም መሆኑ ታወቀ። በ2017 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ከሜላኖማዎች 70 በመቶ ያህሉ የሚነሱት ከነባር ምልክት ሳይሆን ምንም ካልነበረበት ቆዳ ነው። እንግዲህ የሚፈለገው የሚታየውን የሚመረምር ዓይን ብቻ አይደለም፤ ትናንት ያልነበረውን የሚያውቅ ትዝታ ነው።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ1985 አራት ምልክቶችን ለሕዝብ አስተማሩ፤ ሁለቱ ግማሾቹ የማይመሳሰሉ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ከእርሳስ ላጲስ ማለት ነው፣ የበለጠ። በ2004 አምስተኛው ተጨመረ፤ የሚለወጥ። በ1988 ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ስሉ የተባለ የሕክምና ፎቶ አንሺ ከሐኪሞቹ ከኮፕፍና ከሪቨርስ ጋር ሆኖ መላ ሰውነትን በፎቶግራፍ የመመዝገብ ዘዴን ጻፈ። የመጀመሪያው ስም የፎቶ አንሺው መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውዬው በውስጥ ልብስ ብቻ ይቆማል። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎንና ከጎን፣ ክንድ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ሁሌም በአንድ ርቀት፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ አቋም ይነሣል። ከወራት በኋላ ሐኪሙ ፎቶግራፉን በአንድ እጁ ይዞ ገላውን ቦታ በቦታ ያነጻጽራል። አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጠዋል፤ ቤቱ ወስዶ በመስታወት ፊት፣ ወይም ጀርባውን በሚስቱ ዓይን፣ ራሱን ያይበታል። እኔን ከሁሉ የደነቀኝ ይህ ቅጂ ነው። በሬንቲ ዘመን የገላው ምስል ባለ ገላው በማያውቀው መሳቢያ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ምስሉ ወደ ባለቤቱ እጅ ገባ።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን የአንድን ድርሰት ሁለት የብራና ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያነጻጽሩ አዛቸው ነበር። አንዱን ብቻ ያነበበ ተማሪ ጸሐፊው የጨመረውን ቃል ከነባሩ አይለየውም፤ ሁሉም በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ የተጻፈ ነውና። ሁለተኛው ሲመጣ ነው ጭማሪው የሚታየው። ብራናም ቆዳ ነው! የኒውዮርኮቹ ዘዴ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሠርቷል ወይ? ለሚመለከታቸው ሰዎች፣ አዎን። ሲድኒ ውስጥ ለሜላኖማ እጅግ የተጋለጡ 311 ሰዎች በፎቶግራፍና በአጉሊ መነጽር ክትትል በየስድስት ወሩ ሲታዩ ቆይተው ውጤቱ በ2014 ታትሟል። 75 ሜላኖማዎች ተገኙ፤ ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ከተያዙት መካከል ቢያንስ ግማሾቹ ገና ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ያልወረዱ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ብሪዝበንን በመሳሰሉ ከተሞች ሰውዬው በ92 ካሜራዎች መካከል ይቆምና በአንድ ብልጭታ የመላ ገላው ምስል ኮምፒዩተር ላይ ይሣላል።

ይሁን እንጂ ብዙ ማየት ሁልጊዜ ብዙ ማዳን አይደለም። በ2021 ዌልች፣ ሜዘርና አዳምሰን የተባሉ ሐኪሞች እንደጻፉት፣ አሜሪካ ውስጥ በአርባ ዓመት ጊዜ ሜላኖማ አለባችሁ የሚባሉት ሰዎች ስድስት እጥፍ ሲሆኑ የሚሞቱት ቁጥር ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ይህ ማለት ዕድሜ ልኩን የማይጎዳ ነገር በካንሰር ስም እየተቆረጠ ያለ ሰው ብዙ ነው ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ በ2003 እና በ2004 በአንድ ክፍለ ግዛት 360,000 ያህል ሰው ተመረመረ፤ ሞት ለጥቂት ዓመታት ቀነሰ፤ ከዚያ ወደ ነበረበት ተመለሰ። በ2023 የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድንም ምንም ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ በጅምላ ለመመርመር በቂ ማስረጃ የለም አለ። ስለዚህ ፎቶግራፉ የሚበጀው ምልክቱ ለበዛበት፣ ቤተሰቡ ውስጥ በሽታው ላለበት፣ ወይም አንድ ጊዜ ታሞ ለዳነ ሰው ነው። ለሁሉም ሰው ሲሸጥ ግን ንግድ ይሆናል።

አሁን ወደዚያኛው ግማሽ እውነት ልመለስ። የካቲት 2005 ላይ ቦብ ማርሌይ የተወለደበት 60ኛ ዓመት በመስቀል አደባባይ ሲከበር እኔም ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር። ሰውዬው በ1978 ሻሸመኔን የረገጠ፣ በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ የተባለ፣ በሞተም ጊዜ በዚሁ ሥርዓት የተሸኘ ነው። ምን ገደለው? ሜላኖማ። በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘ። ኳስ ሲጫወት የተረገጠው ቁስል ነው ሲባል ነበር። ጣቱ ይቆረጥ ቢባል አልተቀበለም፤ የተጎዳው ሥጋ ብቻ ተነሥቶ በሌላ ቆዳ ተሸፈነለት። በመስከረም 1980 ኒውዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ነበር። ግንቦት 11 ቀን 1981 ማያሚ ላይ ሲሞት ዕድሜው 36 ነበር።

ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ይወጣል። ፀሐይ ዋና መንስኤው አይደለችም፤ ነጩንም ጥቁሩንም በተቀራራቢ መጠን ይይዛል። ሌላው ዓይነት በጥቁር ሰው ላይ እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ በእኛ ላይ ሜላኖማ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ እግር ላይ ነው። ሉዊስ የተባለ ሐኪም በ1967 ስለ ኡጋንዳ ያሳተመው ጥናትም ይህንኑ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ በሽታው ጥቁሮችን የሚይዘው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ከተያዙት መካከል ግን ከነጮቹ ይበልጥ ይሞታሉ፤ አንዱ ምክንያት ዘግይቶ መታየቱ ነው።

በዚህ ዓይን የኒውዮርኩን ፎቶግራፍ መልሰን እንየው። ሰውዬው ቆሟል። ፊቱ፣ ደረቱ፣ ጀርባው፣ ባቱ ይታያል። የማይታየው የቆመበት ነው! 92 ካሜራም ቢከበው የቆመ ሰው ውስጥ እግሩ ለብቻው ካልተነሣ አይታይም። ለነጭ ቆዳ ጀርባን ማንሳት ተገቢ ነው፤ በጀርባው ይታመማልና። የእኛ ጉዳይ ግን ከምስሉ ውጭ ቀረ። ኮምፒዩተሩም ከዚሁ ምስል ነው የሚማረው። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 130,000 በሚጠጉ ምስሎች ያሠለጠኑት ኮምፒዩተር ከቆዳ ሐኪሞች ጋር ተወዳደረ ተብሎ ዓለም ተደነቀ። በዓመቱ ግን አዳምሰን፣ እነዚህ የምስል ክምችቶች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ስለሆኑ ለጥቁር ሰው ላይሠሩ ይችላሉ ሲል አስጠነቀቀ። አጋሲ ሊያሳንሰን ሲፈልግ መላ ገላችንን አስነሣ፤ ሊያድነን የሚችለው መዝገብ ሲዘጋጅ ግን ተረሳን።

ታዲያ ምን እናድርግ? 92 ካሜራ አምጡ አልልም። የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ሕመም የማይሰማው እግር ላለው በሽተኛ ውስጥ እግሩን በየቀኑ እንዲያይ ያስተምራሉ፤ የስኳር ሐኪሞችም እንዲሁ። ከእነሱ መማር እንችላለን። እኛ ጥፍራችን ሲጠቁር «እንቅፋት መታኝ» እንላለን፤ ውስጥ እግራችን ሲቆስል «እሾህ ወጋኝ» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። እንቅፋት ያመጣው ደም ግን ከጥፍሩ ጋር እያደገ ወደ ጫፍ ይሄዳል። ባለበት ሆኖ የሚሰፋ፣ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳውን የሚያጠቁር፣ ወይም ለወራት የማይድን ቁስል እንቅፋት አይደለም፤ ለሐኪም መታየት አለበት። በጥፍር ላይ የሚሠመር ጥቁር መስመር በጥቁር ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውም ጉዳት የለውም። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ በአዋቂነት የመጣና እየሰፋ የሚሄድ ሲሆን ነው ጥያቄው። የሚያጠራጥራችሁ ጥቁር ነጥብ ካለ በስልካችሁ አንሡት፤ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡ፤ በወሩ በዚያው ብርሃን መልሳችሁ አንሡትና አስተያዩ። ተለውጦ ካያችሁት፣ ወይም ከመጀመሪያው የሚደማና የሚቆስል ከሆነ፣ ወሩን ሳትጠብቁ ሁለቱን ሥዕሎች ይዛችሁ ሐኪም ፊት ቅረቡ።

እግር ማጠብ በአገራችን የአክብሮት ሥራ ነበር። ከመንገድ የገባ እንግዳ፣ ከእርሻ የተመለሰ አባት እግሩ ይታጠብ ነበር፤ የሚያጥበው ልጅም ውስጥ እግሩን በእጁ ይዞ ያየው ነበር። አሁን ሻወሩ አለ፣ ካልሲው አለ፣ ጫማው አለ፤ የአባታችንን ውስጥ እግር ካየን ስንት ዓመታችን ነው? ዐይናቸው የደከመ፣ ጎንበስ ማለት ያቃታቸው ሽማግሌዎች የራሳቸውን ውስጥ እግር ማየት አይችሉም። በመጪው ሳምንት ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ አንባቢዎቼ ለብ ያለ ውኃ አስቀርቡና ከትልልቆቹ እግር ሥር ቁጭ በሉ። ምርቃቱን ታገኛላችሁ። ዐይናችሁንም አትንፈጓቸው።